በየደጃችን ያለው ሞገድ

(ለማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ፊት ስለ ውኃ ሞገድ እንድናገር በመጋበዜ የተሰማኝን ደስታ በቅድሚያ እገልጻለሁ። ውኃ ሲንቀሳቀስ ያላየ ሰው የለምና፣ ርእሱ ለፊዚክስ መምህራን ጉባኤ የማይመጥን ቀላል ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። የንግግሬ ዓላማ ግን ሁላችንም ያየነውን ይህን ነገር ምን ያህል ሳንመለከተው እንደምናልፍ ማመልከት፤ አስተውሎ መመልከቱም ለክፍል ትምህርት ብቻ ሳይሆን ለሕይወት ጭምር የሚጠቅም መሆኑን ማስረዳት ነው።

እንደሚታወቀው፣ ተማሪዎቻችን ስለ ሞገድ መማር ሲጀምሩ በመጀመሪያ የሚቀርብላቸው ሥዕል ድንጋይ የተጣለበት ኩሬ ነው። ወዲያውም የሞገድ ፍጥነት የድግግሞሹና የርዝመቱ ብዜት መሆኑን ይማራሉ። ይህ ሕግ በውኃም፣ በድምፅም፣ በብርሃንም የሚሠራ እውነት ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ተከታዮቹ ምሳሌዎችና መልመጃዎች አብዛኛውን ጊዜ ከድምፅና ከብርሃን የሚወሰዱ በመሆናቸው፣ ተማሪው የሞገድ ፍጥነት በመተላለፊያው ዓይነት ብቻ የሚወሰን፣ ለረጅሙም ለአጭሩም ሞገድ አንድ የሆነ ቁጥር ነው ብሎ ይደመድማል። በአየር ውስጥ ለሚጓዝ ድምፅ ይህ ትክክል ነው። እንዲያ ባይሆን ኖሮ ከሩቅ በምንሰማው ማሕሌት የከበሮው ወፍራም ድምፅና የጸናጽሉ ቀጭን ድምፅ ተለያይተው በደረሱን ነበር። በውኃ ላይ ግን ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። እንግዲህ ሞገድን በውኃ ሥዕል እናስተዋውቅና ውኃ የማይታዘዘውን ጠባይ እናስተምራለን ማለት ነው። ተማሪው ወደ ቤቱ ሲመለስ የጎረቤቱ ኩሬ የተማረውን አይመሰክርለትም፤ እርሱም ሊጠይቀው አይሞክርም።

አንዳንድ ባልደረቦች ይህን ለማስተማር ባሕር ያስፈልጋል ይላሉ። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ሳፋ፣ ጅረት፣ ሐይቅና የክረምት ጎርፍ ግን አላት። ከትንሹ ልጀምር።

በሳፋ ውስጥ ያሉት ሁለት ኃይሎች

አንድ ሰፊ ሳፋ ውኃ ሞልተን በላዩ አንዲት የጭድ ስባሪ እንጣል። ውኃውን በጣታችን ጫፍ ስንነካው ሞገዱ እስከ ሳፋው ጠርዝ ይሄዳል፤ ጭዱ ግን ከፍ ዝቅ፣ ወዲያ ወዲህ ብሎ ከነበረበት ብዙም ሳይርቅ ይቀራል። መልእክቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ እንጂ አቀባባዮቹ ከቦታቸው አልተነሡም። ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይረቃል። ከፍ ያለውን ውኃ ወደ ቦታው የሚመልሱት ኃይሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የምድር ስበት ሲሆን፣ ሁለተኛው የውኃውን ፊት እንደ ከበሮ ቆዳ ወጥሮ የሚይዘው የገጽ ውጥረት ነው። በረጃጅሞቹ ሞገዶች ላይ የሚሠለጥነው ስበት ነው፤ በአጫጭሮቹ ላይ ደግሞ የገጽ ውጥረት። የሁለቱ ግዛት የሚዋሰነው ርዝመቱ 1.7 ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነው ሞገድ ዘንድ ነው። ከዚህ ወሰን በላይ ሞገዱ በረዘመ ቁጥር ይፈጥናል፤ ከወሰኑ በታች ግን በተቃራኒው ባጠረ ቁጥር ይፈጥናል።

በበቂ መጠን ጥልቅ በሆነ ንጹሕ ውኃ ላይ፣ ርዝመቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሞገድ በሰኮንድ 31 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። 1.7 ሴንቲ ሜትር የሆነው 23 ሴንቲ ሜትር፣ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነው 40 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ሜትር የሆነው ደግሞ 1.25 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ውኃ ላይ በሰኮንድ ከ23 ሴንቲ ሜትር ቀርፎ የሚጓዝ ሞገድ የለም። ይህን ቁጥር እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ ወዲያው እንጠቀምበታለንና።

ጅረትና ዘንግ

በዝግታ በሚፈስ ጅረት ውስጥ ቀጥ ያለች ቀጭን ዘንግ ብናቆም፣ ከሁለት ነገሮች አንዱን እናያለን። ወይ በዘንጓ ዙሪያ ምንም ሞገድ አይታይም፤ ወይም ከዘንጓ በላይ በኩል፣ ውኃው በሚመጣበት አቅጣጫ፣ እጅግ የተቀራረቡ ደቃቅ ሽብሽቦች፣ ከዘንጓ በታች በኩል ደግሞ ሰፋ ያሉ ሞገዶች ቆመው ይታያሉ። የቆሙ የሚመስሉትም ውኃው ወደ ታች በሚወስዳቸው ፍጥነት ልክ እነርሱ ወደ ላይ ስለሚጓዙ ነው። የጅረቱ ፍጥነት በሰኮንድ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ያን ያህል ቀርፎ የሚጓዝ ሞገድ ስለሌለ በዘንጓ ዙሪያ ምንም ሊቆም አይችልም። እንግዲህ አንዲት ዘንግ የጅረት ፍጥነት መለኪያ ሆነች ማለት ነው። ተማሪዎች ቅጠል በ10 ሜትር ርቀት ላይ አንሳፍፈው በሰዓት ቢለኩ፣ ሁለቱን ውጤቶች ለማመሳከር ይችላሉ።

ይህን ነገር በቀመር ያስረዳው በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1871 ነፋስ ባነሰበት ጊዜ ቀስ ብላ በምትጓዝ የመዝናኛ ጀልባው ላይ ሳለ፣ በውኃው ውስጥ የሚጎተት የዓሣ ማጥመጃ ክር የሚፈጥራቸውን ሽብሽቦች በመመልከት ነበር የተነሣው። ክሩ በቆመ ውኃ ውስጥ ቢጎተት ወይም ዘንጓ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ብትቆም ሕጉ አንድ ነው።

ድንጋዩ ከወደቀ በኋላ

አሁን ወደ ሐይቅ እንሂድ። ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ጥልቅ ወደ ሆነው የሐይቁ ክፍል ጡጫ የሚያህል ድንጋይ እንጣል። ቀለበቶቹ እየሰፉ ሲሄዱ አብዛኛው ተመልካች የሚያየው ጠቅላላውን ስብስብ ነው። እኛ ግን ሰፋ ካሉት ቀለበቶች መካከል ዓይናችንን በአንዱ ጉብታ ላይ ብቻ ተክለን እንከተለው። ያ ጉብታ ከስብስቡ ኋላ ይወለዳል፣ በመካከሉ አልፎ ወደ ፊት ይገሠግሣል፣ ግንባሩ ላይ ሲደርስም እየሳሳ ይጠፋል። በኋላ በኩል ደግሞ ሌላ ይተካል። በጥልቅ ውኃ ላይ ስበት የሚገዛቸው ሞገዶች ስብስብ የሚጓዘው በእያንዳንዱ ጉብታ ፍጥነት ግማሽ ነው። ጉልበቱ የሚሄደውም በስብስቡ ፍጥነት እንጂ በጉብታው ፍጥነት አይደለም። ኦስቦርን ሬይኖልድስና ሎርድ ሬይሊ ይህን ጉዳይ በጽሑፍ ያብራሩት እ.ኤ.አ. በ1877 ነው።

ከዚህ ልዩነት የሚወጣ አንድ ውጤት በየሐይቆቻችን ላይ ዘወትር ይታያል። በቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ የምትዋኝ ዳክዬም ሆነች በጣና ላይ የምትቀዘፍ የደንገል ታንኳ፣ ከኋላዋ የምትተወው የሞገድ ሹል በመካከሉ 39 ዲግሪ ያህል ስፋት አለው። ፍጥነቷ ቢጨምር ሞገዶቹ ይረዝማሉ፤ ማዕዘኑ ግን አይለወጥም። ኬልቪን ይህን እ.ኤ.አ. በ1887 አስረድቷል። በጣም ፈጣን በሆኑ ጀልባዎች ኋላ ማዕዘኑ እየጠበበ እንደሚሄድ ደግሞ ፈረንሳውያኑ ማርክ ራቦና ፍሬደሪክ ሞይዚ እ.ኤ.አ. በ2013 አመልክተዋል። ኬልቪን የጻፈው ጉዳይ ከ126 ዓመት በኋላ በፎቶግራፍ ሲመረመር አዲስ ነገር ተገኘበት። ለተማሪዎቻችን ሳይንስ ተፈጽሞ የተዘጋ መጽሐፍ አለመሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ባልዲና እርምጃ

በቤት ውስጥ ከምናያቸው ሞገዶች ሁሉ ብዙ ድካም የሚያስከትለው በባልዲ ውስጥ ያለው ነው። አፉ 28 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ባልዲ የሞላ ውኃ፣ አንዴ ከተነካ በሰኮንድ 1.8 ጊዜ ያህል ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ተመላልሶ ይወዛወዛል። ሰው ደግሞ በተለመደው አካሄዱ በሰኮንድ 2 እርምጃ ያህል ይራመዳል። ሁለቱ ቁጥሮች በመቀራረባቸው እያንዳንዱ እርምጃ ውኃውን በወቅቱ እየገፋ ያሳድገዋል፤ ከጥቂት እርምጃ በኋላም ውኃው ይፈስሳል። ይህ በመጽሐፍ ሪዞናንስ የምንለው ነው። አፉ 6 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሲኒ ውስጥ ግን ቡናው የሚወዛወዘው በሰኮንድ 4 ጊዜ ያህል በመሆኑ ከእርምጃችን ጋር በቀላሉ አይገጥምም።

ከወንዝ ውኃ የሚቀዱ እናቶች በውኃው ላይ ቅጠል የበዛበት ቅርንጫፍ ጣል ሲያደርጉ፣ መድኃኒቱን ያለ ቀመር አግኝተውታል። ቅጠሉ የሞገዱን ጉልበት በፍትጊያ ይበላዋል፤ የውኃውንም ፊት ይከፋፍለዋል። ባልዲን የሚያመላልስ ተማሪ ሪዞናንስን በክንዱ ያውቀዋል። የጎደለው ስሙን የሚነግረው መምህር ነው።

ወደ ዳር የሚቀርብ ሞገድ

እስካሁን የተናገርነው ውኃው ከሞገዱ ርዝመት አንጻር ጥልቅ ሲሆን ስለሚደርሰው ነው። ሞገዱ ወደ ዳር ሲቀርብና መሬቱን መንካት ሲጀምር ግን ሕጉ ይለወጣል። በዚህ ጊዜ ፍጥነቱን የሚወስነው ጥልቀቱ ነው። ጥልቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ፍጥነቱ በሰኮንድ 1 ሜትር፣ 40 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 2 ሜትር፣ 2.5 ሜትር ሲሆን 5 ሜትር ያህል ይሆናል። ጥልቀቱ 4 እጥፍ ሲያድግ ፍጥነቱ 2 እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። የጣና ሐይቅ ከፍተኛ ጥልቀት 14 ሜትር ያህል በመሆኑ፣ በላዩ የሚነሣ ተራ ሞገድ የቱንም ያህል ቢረዝም በሰኮንድ ከ12 ሜትር ሊያልፍ አይችልም።

እንደ ላንጋኖ ቀስ በቀስ በሚጠልቅ ዳርቻ ላይ ብንቆም፣ ነፋሱ ከየትኛውም ወገን ቢነፍስ ሞገዶቹ በመጨረሻ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆነው ሲደርሱ እናያለን። በግዴለሽ የመጣው ሞገድ አስቀድሞ ጥልቀት ወደ ሌለው ቦታ የደረሰው ክንፉ ይዘገያል፤ ሌላው ክንፉ በፍጥነቱ ስለሚቀጥል መላው ሞገድ ይዞራል። እንደ ቢሾፍቱ ባለ ዳሩ ገደል በሆነ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ላይ ግን ለመዞር ጊዜ ስለማያገኝ ሞገዱ እንደ መጣ በግዴለሽ ይደርሳል። እንግዲህ ሞገዱን በማየት ብቻ በውኃው ሥር ያለውን መሬት ማወቅ ይቻላል። የብርሃን ስብረትን በመስታወት ፕሪዝም ለማስተማር ስንቸገር፣ ይኸው ሕግ በሐይቁ ዳር በየደቂቃው ይታያል።

ቧንቧ፣ አስፋልትና ጎርፍ

ከሁሉ ይልቅ ትኩረታችሁን የምለምነው ለሚከተለው ነው። በዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ቧንቧ ስንከፍት፣ ውኃው በወደቀበት ስፍራ ዙሪያ ለስላሳና ስስ ክብ ይታያል። በክቡ ጠርዝ ላይ ውኃው በድንገት ይወፍራል። በስሱ ክፍል ውስጥ ውኃው የሚፈሰው በላዩ ላይ ሞገድ ከሚጓዝበት ፍጥነት በላይ ነው። ስለዚህ ከታች የሚደርሰው ነገር ወሬ ወደ ላይ ሊመለስ አይችልም፤ መልእክተኛው ሞገድ ነውና። ከጠርዙ ውጭ ግን ውኃው ስለሚዘገይ ሞገድ በሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1914 ይህን ድንገተኛ ዝላይ መርምሮታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በገንዳ ውስጥ ለሚታየው ክብ ዋናው ምክንያት ስበት ሳይሆን የገጽ ውጥረት ነው በማለታቸው ክርክር ተነሥቷል። በግድብ ማስተንፈሻ ግርጌ መሐንዲሶች ሆን ብለው የሚያስነሡት የውኃ ዝላይም የዚሁ ታላቅ ወንድም ነው። ውኃው ጉልበቱን በዚያ እንዲጨርስና የወንዙን ሥር እንዳይቦረቡር ያደርጋል።

በክረምት በአዲስ አበባ ቁልቁለቶች ላይ አስፋልቱን የሸፈነውን ስስ ውኃ ተመልከቱ። ዝናቡ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ውኃው እኩል አይፈስም፤ በየተራ በሚመጡ የሞገድ ግንባሮች ይከፋፈላል፤ ኋለኛውም ፊተኛውን እየደረሰ ይውጠዋል። ይህ እንዴት እንደሚነሣ ሃሮልድ ጄፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1925 አስረድቷል። ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል፤ ወፍራሙ ውኃ ከስሱ ይፈጥናል። ከኋላ የሚመጣው ወፍራም ውኃ ከፊት ያለውን ስስ ውኃ ስለሚደርስበት፣ ግንባሩ እየተከመረ እንደ ግድግዳ ይቆማል።

በአስፋልት ላይ ጣት የማይሞላው ይህ ነገር በደረቅ ወንዝ ውስጥ ሲሆን ሕይወት ያጠፋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሌሊት፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በድሬዳዋ ከተማ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በየክረምቱም በሌሎች ስፍራዎች ወንዝ ሲሻገሩ የሚወሰዱ ወገኖቻችን፣ ከእነርሱም መካከል ተማሪዎች፣ አሉ። «ውኃው ገና ቁርጭምጭሚት ነው» ብሎ የሚገባ ሰው የሚያየው የጎርፉን ስስ ጫፍ ነው፤ ወፍራሙ በኋላው እየፈጠነ ይመጣል። የውኃው ግፊትም በፍጥነቱ ልክ ብቻ አያድግም፤ ፍጥነቱ 2 እጥፍ ሲሆን ግፊቱ 4 እጥፍ ይሆናል። በግምታዊ ስሌት፣ እስከ ጉልበት በሚደርስና በሰኮንድ 2 ሜትር በሚፈስ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው እግሮች የሚገፋው ኃይል የ30 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው።

እንግዲህ በዘንጓ የጀመርነው ትምህርት እዚህ ላይ ፍሬ ይሰጣል። በሚፈስ ወንዝ ላይ በአንድ ቦታ ቆመው የሚታዩ ተከታታይ ጉብታዎች ካሉ፣ ሞገዶቹ ወደ ላይ የሚጓዙበት ፍጥነት ከወንዙ ፍጥነት ጋር እኩል ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ ከአንዱ ጉብታ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት በዓይን ገምቶ፣ የወንዙን ፍጥነት እግርን ሳያረጥቡ ማወቅ ይቻላል። ርቀቱ 1 ሜትር ከሆነ ውኃው በሰኮንድ ወደ 1.25 ሜትር፣ 2.5 ሜትር ከሆነ ወደ 2 ሜትር ይፈስሳል፤ ውኃው ጥልቀት ካነሰው ቁጥሩ ጥቂት ዝቅ ይላል። ርቀቱ 4 እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ 2 እጥፍ ይሆናል። በጥብቅ ማስገንዘብ የምፈልገው ግን ይህ ስሌት የመሻገሪያ ፈቃድ አለመሆኑን ነው። ጉብታ አለመታየቱ ደኅንነትን አያረጋግጥም፤ ጎርፍ በደቂቃዎች ውስጥ ይለዋወጣልና። ስሌቱ የሚያገለግለው ለመቅረት እንጂ ለመግባት አይደለም። በወንዝ ማዶ የሚኖሩ ተማሪዎች ያሉን መምህራን ይህን አንድ ትምህርት ከክረምት በፊት ብንሰጥ፣ ከመልመጃ ውጤት የሚበልጥ ነገር እናተርፋለን።

ያለ ቤተ ሙከራ

የቤተ ሙከራ እጦት በጉባኤያችን በየጊዜው የሚነሣ እውነተኛ አቤቱታ ነው፤ መጠየቃችንንም ልናቆም አይገባም። ነገር ግን ለሴት የዩኒቨርሲቲ በር በተዘጋበት ዘመን በጀርመን አገር በብራውንሽቫይግ ትኖር የነበረችውን አግነስ ፖከልስን ማስታወስ ይገባናል። እርሷ ቤቷን እያስተዳደረችና ወላጆቿን እያስታመመች፣ በዕቃ ማጠቢያ ውኃ ላይ ዘይትና ቅባት የሚያደርጉትን ተመልክታ፣ በቆርቆሮ ገንዳና በቆርቆሮ ቁራጭ የውኃን የገጽ ውጥረት የምትለካበትን መሣሪያ ሠራች። ለሎርድ ሬይሊ የጻፈችው ደብዳቤ እ.ኤ.አ. በ1891 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1932 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው አርቪንግ ላንግሙየር በምርምሩ የተጠቀመበት ገንዳ የእርሷን መሠረት የያዘ ነበር። የእርሷ ቤተ ሙከራ ኩሽናዋ ነበረች።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ሐሳቦችን በትሕትና አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የሞገድን ምዕራፍ ስናስተምር ከቀመሩ አስቀድመን አንድ ክፍለ ጊዜ ለሳፋ፣ ለጭድና ለዘንግ እንስጥ። ሁለተኛ፣ በፈተናዎቻችን ውስጥ ቢያንስ አንድ ጥያቄ በትምህርት ቤቱ አካባቢ ከሚታይ ውኃ ይውጣ፤ ተማሪው መልሱን በቃሉ ከያዘው ሳይሆን ካየው እንዲያወጣ። ሦስተኛ፣ በየቅርንጫፉ ያሉ አባሎቻችን በአካባቢያቸው ስላለ ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ቦይ የተመለከቱትንና የለኩትን ጽፈው ይላኩ፤ መጽሔታችንም በየዓመቱ ያትመው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ ውኃ ለሁሉም እኩል የሚናገር መምህር ነው። ለማየት ለሚታገሥ ሰው ፍጥነቱን፣ ጥልቀቱንና አደጋውን በፊቱ ላይ ጽፎ ያሳየዋል። የእኛ ተግባር ተማሪዎቻችን ይህን ጽሑፍ ማንበብ እንዲችሉ፣ በተለይም በጊዜው እንዲያነቡት ማድረግ ነው።